የአባቴ ሠላሳ አንድ ቦርዶች

አባቴ ቦርድ ፎቶ የሚያነሳው በፎጣ ሸፍኖ ነበር። ቦርድ የምለው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኘውን፣ ወርቅማ መስመር የተሰመረበትን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ስካነሩ መስታወት ላይ በፊቱ ይደፋዋል። ቦርዱ ወፍራም ስለሆነ ክዳኑ አይገጥምም፤ በተረፈው ክፍተት የቀን ብርሃን እንዳይገባ የመታጠቢያ ፎጣችንን ከላይ ይጥልበታል። ከዚያ ማሽኑ ያቃስታል፤ ከፎጣው ጠርዝ ሥር ነጭ ብርሃን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ይሄዳል። እኔ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ብርሃኑን በዓይኔ እከተላለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በሽተኛ የሚመረምር ይመስለኝ ነበር።

ሙግት የለመድኩ ሰው ነኝ። በምጽፈው ስንቱን አስቀይሜያለሁ፤ ደላላውን፣ ወረቀት አስተካካዩን፣ «ጉዳዩን እየተከታተልነው ነው» እያለ ሻይ የሚያዝዘውን ባለሥልጣን። ጨዋ መስለው ለመኖር የፈለጉ ሰዎች «ይህቺን ልጅ ማን በድሏት ነው እንዲህ የምትነድደው?» ይላሉ። የዛሬው ጽሑፍ ግን እንደ ሌላው አይደለም። ክስ አለበት፤ ተከሳሿ ግን ሰባት ዓመቷ ነው።

ፎቶ ቤታችን ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ነበር። «ፎቶ ዛህራ» ይባላል። ታላቅ እህቴ በተወለደች ዓመት ስለተከፈተ ነው። ነፍስ ሳውቅ የእኔም ስም ካልተጨመረ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። አባቴ ሀቢቡ ግን «ሰሌዳው አይበቃም፣ ፈቲሀ» ብሎ ሸኘኝ። ሰሌዳው ለሦስት ልጅ የሚበቃ ባዶ ቦታ ነበረው።

አባቴ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የመታኝ። የሰው ሠርግ የተነሳበትን ካሜራ ጀርባውን ከፍቼ ፊልሙን ወደ ውጭ ስቤ አየሁት። ምንም የለበትም፤ ቡናማ ላስቲክ ነው። በጥፊ አለኝና ወዲያው ደንግጦ አቀፈኝ። «ፊልም ብርሃን ካገኘው ያልቃል» አለኝ እንባዬን በእጅጌው እየጠረገ። «ሙሽራዋም አለቀች፣ ሙሽራውም አለቀ። የተዘጋ ነገር ውስጥ ሰው አለ። አይከፈትም። ገባሽ?»

ገባኝ። እንደዚያን ቀን የገባኝ ትምህርት የለም።

ዛህራ የፓስፖርት ፎቶ የተነሳች ዕለት ፎቶ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። እናቴ ሀሊሜ ኩል ኳለቻት፤ የራሷን ትልቁን ሻርፕ አለበሰቻት። ናጃህ የምትባል፣ ወርቅ ጥርስ ያላት ሴትዮ ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ ታዝዛለች።

«ፊቷን ታኮሳትር እንጂ! ሳቅ ልጅ ያስመስላታል።»

«ዛህራ፣ አትሳቂ» ይላል አባቴ ከካሜራው ጀርባ።

«ፈቲሀን አስወጧት፣ እሷ ናት የምታስቀኝ።»

እውነቷን ነው። ከአባቴ ኋላ ቆሜ ናጃህ አፏን ስታንቀሳቅስ እያየሁ እደግማታለሁ። ዛህራ በሳቅ ፍርስ ትላለች፤ ኩሉ ይፈስሳል፤ እናቴ እንደገና ትኩላለች። በአራተኛው ላይ ተሳካ። እኔ እህቴ ልትዳር ነው ብዬ አመንኩ። ባልየው ሩቅ አገር ስላለ ፎቶዋ ቀድሞ የሚሄድ መሰለኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የቀበሌው ወረቀት ሃያ አራት ይላል። ሻርፑና ኩሉ ስምንቱን ዓመት እንዲጨምሩላት ነበር። ያንን ፎቶ ያነሳው፣ ያንን ወረቀት ስካን ያደረገው አባቴ ነው። አባቴን እወደዋለሁ። እንደዚያ ያደረገ ሌላ አባት ቢሆን ግን ስሙን ጠርቼ ጋዜጣ ላይ አወጣው ነበር።

መናኸሪያ ስንሸኛት ዛህራ በመኪናው መስኮት የለመደችውን ጨዋታ ተጫወተች። በሁለት እጇ ጣቶች አራት ማዕዘን ትሠራለች፤ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በምላሷ «ቀጭ» ታደርጋለች። አነሳሁሽ ማለቷ ነው። ሰፈሩን ሁሉ እንደዚህ ታነሳ ነበር፤ በግ ሳይቀር።

«ለአረፋ እመጣለሁ!» አለችኝ። «እስከዚያ ጥርስሽን እንዳትነቅይ፣ እኔ ነኝ የምነቅልልሽ።»

መጋቢት ነበር። እስከ ሐምሌ ድረስ በቤት ሠራተኝነት ከሄደችበት ከጅዳ ትደውል ነበር፤ አጭር አጭር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ መደወል ተወች። ነሐሴ ላይ፣ መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ፣ የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር «ጧ» አለና የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። የካርታ ጨዋታዬ ተቃጠለ ብዬ አለቀስኩ። እናቴም ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አየኋት። ለካርታ ጨዋታ ይህን ያህል ማልቀሷ ገረመኝ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው የዛህራ ፓስፖርት ቁጥር፣ የኮንትራቷ ወረቀት፣ የአሠሪዋ ስምና ስልክ ነበር። ዋናው ወረቀት የላከቻት ደላላ ናጃህ ጋ ነው የቀረው። ናጃህ ደግሞ ቤቷን ዘግታ ከከተማው ጠፍታለች። አባቴ የሄደባቸው ቢሮዎች ሁሉ ያሉት አንድ ነው፤ «ቁጥር አምጣ። ዛህራ የሚባል ብዙ ነው።» ብዙ ነው አሉ፤ እንደ ድንች።

አባቴ የተቃጠለውን ሃርድ ዲስክ በሸማ ጠቅልሎ ወልቂጤ ሄደ። እዚያ ገብረወልድ የሚባል ወጣት ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። እኔንም ይዞኝ ስለሄደ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«ጋሽ ሀቢቡ፣ ውስጡ ደህና ነው» አለ ገብረወልድ ዲስኩን ጆሮው ላይ አድርጎ። «የሞተው ከላይ ያለችው አረንጓዴ ቦርድ ናት። አምሳያዋ ከተገኘች እንተካታለን፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይወጣል። ችግሩ ዲስኩ የድሮ ነው። ፊደሏም ቁጥሯም እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት።»

«ከየት አባቴ ላምጣት?»

«ዲስኩን ቤትዎ ያስቀምጡት እንጂ ይዘው አይዙሩ፣ አደራ፤ ከወደቀ አለቀ። ቦርዷን ፈትቼ ልስጥዎትና ስካን ያድርጓት። ሥዕሏ ትዙር።»

ሥዕሏ ዞረች። አባቴ ከጎረቤት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ተዋሰ። የስካነሩ ክዳን ውስጡ ያለው ነጭ ልባስ ከተላጠ ቆይቷል፤ አባቴ የተበላሸ ወረቀት መጣል ስለማይወድ አንዱን በባዶው ፊት ወደ ውጭ አድርጎ በፕላስተር ለጥፎበት ነበር። በዚያ ላይ ፎጣው። የመጀመሪያዋን፣ የተቃጠለችውን ቦርድ እንዲህ አነሳትና አትሞ መርካቶ ላለው ወንድሙ ለዑመይር ላከለት። አጎቴ ዑመይር ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ይነግዳል። ሥዕሉን ይዞ ከክምር ክምር መዞር ጀመረ። የምትመስል ቦርድ ካገኘ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሚኒባስ ይልካታል። አባቴ ስካን ያደርግና ከመጀመሪያዋ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ እያንዳንዷን የብረት እግር በጣቱ ይቆጥራል።

«አይደለችም» ይላል። ሥዕሏን ሲዲ ላይ ያስቀምጥና ሌላ ይጠብቃል።

እኔ በሽተኞቹ ሲበዙ አየሁ። ትንንሾች፣ ረጃጅሞች፣ ጥግ የተሰበሩ። ለአንዳንዶቹ ስም አወጣሁላቸው። የአባቴ ጢም ሸበተ። ደንበኛ መጥቶ ፎቶ ሲጠይቀው «ነገ» ይላል። ዛህራ ለአረፋ ትመጣለች፤ እሱ ግን ስለዛህራ አንድም ቃል አያወራም፤ ለቦርዶቹ አብዷል ብዬ አዘንኩበት፤ ተናደድኩበትም። የመጀመሪያው ንዴቴ ይመስለኛል። በስህተት የጀመረ ንዴት ነው።

ታኅሣሥ ሊገባ ሲል አረፋ አሥራ አንድ ቀን ቀረው። አባቴ ስልክ አነሳና ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

«ወላሂ በል! ... ቁጥሯም? ... የመጨረሻዋን ፊደል አንብብልኝ። ... ድገማት!»

ስልኩን ሳይዘጋ መሬት ላይ ተደፍቶ ሰገደ። እኔ እንደዚያ ሱቅ ውስጥ ሲሰግድ አይቼው አላውቅም። ማታ እራት ላይ ለእናቴ ሲነግራት አዳመጥኩ።

«ዑመይር ራሱ ይዟት ይመጣል፣ ለአረፋ። ገብረወልድም ይመጣል። ዲስኩን እዚሁ እንከፍተዋለን።»

«ሳይከፈት አይሆንም?» አለች እናቴ። «ቢበላሽስ?»

«ሳይከፈትማ እንዴት ይሆናል፣ ሀሊሜ? ዛህራ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።»

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰው ብረት ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሞኝ አልነበርኩም። ግን ሙሽራውና ሙሽራዋ ፊልም ውስጥ እንደነበሩ፣ ስከፍተው እንዳለቁም አውቃለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን ራሱ ረስቶት፣ ሁለት ሰው ጠርቶ፣ በቀን ብርሃን ዛህራን ሊከፍታት ነው።

በማግሥቱ እናቴ ገበያ ስትሄድ ዲስኩን ከፎቶ ቤቱ መሳቢያ አወጣሁ። ከጓሯችን እንሰቱ መሐል እናቴ ቆጮ የምታቆይበት ጉድጓድ አለ። በኮባ ተደልድሎ፣ በኮባ ተከድኖ፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ከዚያ የጨለመ ቦታ ግቢያችን ውስጥ የለም። እናቴ በከደነችው ቁጥር «እዚህ የገባ ነገር ዓመት ቢቆይ አይበላሽም፤ እንዲያውም ይበስላል» ትላለች። ዲስኩን እንደ እሷ አድርጌ በሦስት ኮባ ጠቀለልኩት፤ በእንሰት ቃጫ አሰርኩት። ድንጋዮቹን አነሳሁና እጄን እስከ ብብቴ ድረስ በሊጡ ውስጥ አስገብቼ ወደ ታች ገፋሁት። ሊጡ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠው። «ተኚ» አልኳት።

ቆጮ የሚበስለው በኮምጣጣነቱ ነው። ኮምጣጣ ደግሞ መዳብ ይበላል። ይህን በአሥረኛ ክፍል የኬሚስትሪ ሰዓት ስንማር ክፍሉን ትቼ ወጣሁ። መምህሩ ለንቀት ቆጥረውት አስቀጡኝ።

አባቴ ዲስኩን ያጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቤቱን ገለበጠው። ፍራሽ ቀደደ፤ ጣራ ላይ ወጣ፤ የበርበሬ ጆንያ ደፋ። ያልነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የእንሰት ጉድጓድ የሴት ነው፤ በእኛ ዘንድ ወንድ ክዳኑን አያነሳም፤ አጠገቡም አይቆምም። እናቴም ለአረፋ ብላ የከደነችውን ከዋዜማው በፊት አትከፍትም። በዚያ ግቢ ከእኔ በቀር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።

የጠየቋት ፎቶ ቤቱን የምትጠርገውን ሰልሚያን ነው። ናጃህ ዱካዋን ለማጥፋት ሰው ገዝታ አሰርቃለች ብሎ አባቴ አመነ።

«ጋሼ፣ በአላህ ስም እምላለሁ፣ ዓይኔ ይጥፋ!»

«ቁልፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«ልጆትን አልወዳትም? ጸጉሯን ማን ነበር የሚሠራት?»

እያለቀሰች ወጣች። በሩ ላይ ዞራ አየችኝ። እኔ ጣራ ጣራ አየሁ። ብናገር ዛህራን ይከፍቷታል፤ ዝም ካልኩ አረፋ ደርሶ ዛህራ በእግሯ ትመጣለች፣ ያን ጊዜ ሁሉም ይስቃሉ። ዝምታ ወንጀል ነው ብዬ በየመድረኩ ስንቴ ጮኬያለሁ። አምና ሰልሚያን ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምኑን?» አለችኝ። ረስታዋለች፤ ወይም ለእኔ ስትል ረሳችው።

የአረፋ ዋዜማ ቡታጅራ ሌላ ከተማ ናት። አዲስ አበባ የሚነግደው፣ የሚሠራው፣ የሚማረው ሁሉ ወደ ቤቱ ይጎርፋል። ከአውቶቡሶቹ ጣራ ላይ ሻንጣና ፍራሽ ይወርዳል፤ ሰው ይተቃቀፋል፤ የጋሪ ፈረሶች በጡሩምባው ይበረግጋሉ። ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ዛህራን ጠበቅኩ። የሚነቃነቅ ጥርሴን በምላሴ እየያዝኩ፣ ሳልነቅለው። የወረደው አጎቴ ዑመይር ነው። ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ አሳየኝ።

«ይቺን አየሽ፣ ፈቲ? አራት ወር ሙሉ ነው የፈለግኳት። ሥዕሏን አጥፌ ዘርግቼ አጥፌ ዘርግቼ ልትቀደድ ደርሳለች።»

አረንጓዴ ናት። ደህና ናት። አልተቃጠለችም። ዲስኩ ግን የለም። አጎቴ አልተነገረውም ነበር። በልቤ ሳቅሁበት።

ቤት ስንደርስ የጎረቤት ሴቶች ጓሮ ተሰብስበዋል። እናቴ ጉድጓዱን ከፍታ ቆጮውን እያወጣች ነው። ከዚያ ቢላዋዋ ብረት መታ።

ኮባው ጠቁሮ ነበር። እናቴ ፈታችው። እንደ ሻጋታ ነጭና ሰማያዊ ጸጉር ያበቀለ ነገር ወጣ፤ ሲያጋድሉት ውኃ ተንጠባጠበ። እናቴ አልጮኸችም። በሴቶቹ መሐል አልፋ ወደ ቤት ገባችና አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አጎቴ የሸሚዙን ኪስ በእጁ ያዘ፤ የያዛት ቦርድ እንዳትወድቅ ይመስል።

አባቴ ዲስኩን በአዲሱ የዒድ ጀለቢያው ጠረገው። ጠረገው፣ ጠረገው። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን?»

«ብርሃን እንዳያገኛት» አልኩ።

ጥፊ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስጠጋው። ደረቱ ይመታ ነበር፤ እንደዚያ የሚመታ ደረት ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

«ፊልም ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርሽ» አለኝ።

ለዓመታት ያመሰገነኝ ይመስለኝ ነበር።

ገብረወልድ በበዓሉ ማግሥት መጣ። ዲስኩን አየ፤ ጆሮው ላይ አላደረገውም። «መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፣ ጋሽ ሀቢቡ፤ ኮምጣጣው ውስጡ ገብቷል» አለ። በሳምንቱ አባቴ ስካነሩን ከነፎጣው ለቆራሌው ሰጠ። ሁለቱን ሲዲዎችና አጎቴ ያመጣትን ቦርድ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈ። ዛህራ ለዚያ አረፋ አልመጣችም። ለሚቀጥለውም። የፎቶ ቤቱን ሰሌዳ ግን እስከ ዛሬ አላወረደውም።

ይህ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ገብረወልድ አሁን ወልቂጤ ኮሌጅ ያስተምራል። ባለፈው ወር ደወለልኝ።

«ፈቲ፣ ከተማሪዎቼ ጋር የድሮ ቦርዶችን ፎቶ እያነሳን ማን እንደሠራቸው፣ በስንት ዓመት እንደወጡ እየለየን ነው። የጋሽ ሀቢቡ ስካኖች አሉ? እንደዚያ ጥርት ያለ ሥራ ዛሬም አላየሁም።»

ሲዲዎቹን ላክሁለት። ሠላሳ አንድ ቦርድ። ከአራት ቀን በኋላ እንደገና ደወለ፤ ድምፁ ሌላ ነበር።

«ነይ። በስልክ አይሆንም።»

ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝና ቆሞ ማውራት ጀመረ፤ ዓይኔን አያይም።

«መዝገቡ ላይ ቦርዱ ብቻ እንዲታይ ዳር ዳሩን እየቆረጥን ነበር። አንድ ተማሪ 'መምህር፣ ዳሩ ላይ እድፍ አለ' አለኝ። ጥቁረቱን ሳጎላው እድፍ አይደለም። ጽሑፍ ነው፣ የተገለበጠ። አባትሽ ክዳኑ ላይ የለጠፈው ወረቀት ጀርባው የታተመ ነበር። ቀለም አልቆበት የተበላሸ ኮፒ ነው። ስካነሩ ባዶውን ፊት አልፎ ጀርባውን በጥቂቱ አንስቶታል። እያንዳንዱ ቦርድ የሸፈነው ቦታ ስለሚለያይ ሠላሳ አንዱን ደራርቤ ገጣጠምኩት።»

ስክሪኑ ላይ ግራጫ ወረቀት ታየ። የዛህራ ስም። የኮንትራቱ ርዕስ። የአሠሪው ስም ግማሹ። ስልክ።

በዓይን የማይታይ ነበር፤ ይህን ለአባቴ ስል ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በዓይን የማይታይ ነበር። ግን ፎጣውን ሠላሳ አንድ ጊዜ ሲያለብሰው፣ የእያንዳንዷን ቦርድ እግር ሲቆጥር፣ ቁጥሩ ከቦርዷ ጀርባ ተለጥፎ ነበር። እኔም አገጬን አስደግፌ ብርሃኑ ሲያልፍበት አይቻለሁ።

«የመጨረሻዋ አኃዝ የለችም» አለ ገብረወልድ። «መሐል ላይ ናት። ሁሉም ቦርድ ሸፍኗታል።»

«አሥር ስልክ ማለት ነው» አልኩት።

«አሥር ስልክ ነው።»

በመድረሳና በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ዓረብኛ ይዤ ተቀመጥኩ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር አለኝ፤ ማንም ያነሳ ማን፣ ልደፋበት። አንደኛው ዝግ ነው። ሁለተኛው የባንግላዴሽ ሹፌር ነው፤ አዘነልኝ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ጠፍቷል፣ ተሳስተሻል፣ አይነሳም፣ ተሳደበ። ሰባተኛው ወጣት ነው።

«ይህ የአባቴ ስልክ ነበር» አለ። «አባቴ ሞቷል። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

በሁለት ሺህ ሰባት በፈረንጆች ከኢትዮጵያ የመጣች ሠራተኛ ነበረቻችሁ ወይ አልኩት።

«ማርያም?»

«ዛህራ ነው ስሟ።»

«ሁሉንም ማርያም ነበር የምንላቸው» አለ፤ አፍሮ ነው ያለው። ንግግሬ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እሱ ግን ቀጠለ። «ብዙ ነበሩ። አንዷን ግን አስታውሳታለሁ። በጣቶቿ ፎቶ ታነሳኝ ነበር። እንዲህ... በምላሷ ድምፅ ታወጣለች።»

«የት ሄደች?» አልኩት።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ስነሳ የለችም። አለቀስኩ። እናቴ ለዒድ አገሯ ሄዳለች አለችኝ።»

«የትኛው ዒድ?»

«የሐጁ። አባቴ በግ ገዝቶ ነበር።»

አረፋ። ያ አረፋ። እኔ ዲስኩን በሦስት ኮባ ስጠቀልል እህቴ ገና እዚያ ቤት ውስጥ ነበረች። አሥር ቀን ነበራት።

«እናትህን ጠይቅልኝ» አልኩት። «አሁን ጠይቃት። እጠብቃለሁ።»

«እናቴ ከታመመች ሁለት ዓመቷ ነው። አትናገርም።» ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ እንደ ልጅ፣ በቀስታ ጠየቀኝ፤ «አልደረሰችም?»

ስልኩን ዘጋሁ።

ማታውኑ ቡታጅራ ገባሁ። ልነግረው ነበር። አባቴ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ሻይ ይጠጣል። ዓይኑ ደክሟል፤ በእርምጃዬ ነው የሚለየኝ።

«ገብሬ ምን አለ?» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «የቦርዶቹ ስም ታወቀ?»

«ታወቀ፣ አባ። የተሠሩበት ዓመት ሳይቀር።»

«ስካኑስ? ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«ፎጣው ነው» አለ ጣቱን እየቀሰረ። «ፎጣው ባይኖር ያን ያህል አይጠራም ነበር። ዳሩም ጠርቷል?»

«ዳሩም ጠርቷል፣ አባ» አልኩት። «አንድም ነገር አላመለጠህም።»

ደስ አለው። ብርጭቆውን አነሳና የቀረችውን ሻይ ጨለጣት።